ሌብል ከማሳተም በፊት የሚመረጡ ነገሮች፦ ከማር ዕቃው እስከ ፒዲኤፉ

ማር፣ በርበሬ ወይም ቡና አሽጎ ለገበያ የሚያወጣ ሰው ማተሚያ ቤት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ዲዛይኑን በስልኩ ይዞ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄውም «ይህን አንዱን በስንት ታትሙልኛላችሁ?» የሚል ነው። ዋጋውንም ጥራቱንም የሚወስኑት ግን ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው። የሚለጠፈው ብርጭቆ ላይ ነው ፕላስቲክ ላይ? ዕቃው ፍሪጅ ይገባል? ዘይት ይነካዋል? ስንት ፍሬ ነው የሚታተመው? የሚለጠፈው በእጅ ነው በማሽን? የእነዚህ መልስ ሳይታወቅ የተሠራ ዲዛይን ምንም ቢያምር እንደገና መሠራቱ አይቀርም።

ስለዚህ እዚህ የምንሄደው ከዕቃው ተነሥተን ነው፤ ቀጥሎ የሚታተምበት ነገር፣ ከዚያ የማሽኑ ዓይነት፣ ፋይሉ በመጨረሻ። ምሳሌያችን ግማሽ ኪሎ ማር የሚይዝ፣ ዲያሜትሩ 75 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ የፕላስቲክ ዕቃ ነው።

ዙሪያውን መጠቅለል ወይስ ከፊት ብቻ መለጠፍ?

ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ቀጭን ወረቀት ቆርጣችሁ ዕቃው ላይ ጠቅልሉና በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በስሌት 75 ሲባዛ በ3.14፣ ወደ 235 ሚሊ ሜትር ዙሪያ ይመጣል። የፕላስቲክ ዕቃ ግን ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ወረቀቱን እመኑ። ቁመቱን ስትለኩ ቀጥ ያለውን ግድግዳ ብቻ ውሰዱ። ከአንገቱና ከታችኛው ጠርዝ አጠገብ ግድግዳው መታጠፍ የሚጀምርበት ቦታ አለ፤ ሌብሉ እዚያ ከደረሰ በማግስቱ ይሸበሸባል። ከላይም ከታችም 5 ሚሊ ሜትር መተው ጥሩ ነው። ቀጥ ያለው ግድግዳ 70 ከሆነ የሌብሉ ቁመት 60 ይሆናል ማለት ነው።

ዙሪያውን ሙሉ ለሙሉ ጠቅልሎ ጫፉን በጫፉ ላይ ማደራረብ ለማሽን ለጠፋ ይመቻል። በእጅ ለሚለጥፍ ሰው ግን ፈተና ነው፤ ሲጀመር 1 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ያለ ሌብል 235 ሚሊ ሜትር ዞሮ ሲመጣ 4 ሚሊ ሜትር ወርዶ ይገናኛል፣ መጋጠሚያው ላይም ሁሉም ሰው ያየዋል። ርዝመቱን ቀንሶ ከኋላ ክፍተት መተው ይህን ስሕተት ይደብቃል። ለማር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ገዢው ቀለሙንና መርጋቱን በክፍተቱ ያያል። ከፊትና ከኋላ ሁለት ትንንሽ ሌብል መለጠፍ ሦስተኛው አማራጭ ነው፤ ለመለጠፍ ይቀላል፣ ሥራው ግን እጥፍ ነው። በእጅ ለሚለጥፍ አነስተኛ አምራች የምንመክረው ክፍተት ያለውን አንድ ሌብል ነው።

ዕቃው ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ፣ እንደ እርጎ ኩባያ፣ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ሌብል አይሠራም። አንዱ ጫፍ ሽቅብ ይወጣል ወይም ይቋጠራል። ለዚያ ቅስት ቅርጽ ያለው ሌብል ያስፈልጋል፤ ቅስቱንም የምታገኙት ወረቀቱን ዕቃው ላይ ጠቅልላችሁ በላይና በታች ጠርዙ ላይ በማስመር ነው። የማዕዘኑን ነገር ደግሞ አትናቁት። ሹል ማዕዘን በጣት ተነክቶ መጀመሪያ የሚላጠው እሱ ነው፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ማጠፍ፣ ማለትም ክብ ማድረግ፣ የሌብሉን ዕድሜ ያስረዝማል።

ወረቀት፣ የፕላስቲክ ፊልም ወይስ ቪኒል?

የስቲከር ወረቀት ለደረቅ ነገር ይበቃል፤ ለሽሮ፣ ለበሶ፣ ለተቆላ ቡና ከረጢት። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ በማኅተምም በብዕርም ይጻፍበታል። የሚሸነፈው በውኃና በዘይት ነው። «ላሚኔሽን ይደረግበት» ማለት ብዙዎች መፍትሔ ይመስላቸዋል። ላሚኔሽኑ የሚሸፍነው ፊቱን ብቻ ነው፤ ውኃው በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ገብቶ ወረቀቱን ከሥር ያብጠዋል። ፍሪጅ ገብቶ የሚወጣ ዕቃ ላይ ጤዛው ይህንኑ ያደርጋል። የዘይት ጠርሙስ ላይ ደግሞ ጠርዙ ቀስ በቀስ ይጠቁርና ያ ግልጽ የዘይት እድፍ ይታያል።

ለማር የሚሻለው ነጭ ፖሊፕሮፒሊን ፊልም ነው። ማር ይንጠባጠባል፣ ሻጩም ገዢውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ ፊልሙ ይህን ሁሉ ይችላል። ጉድለቱ ድርቅ ማለቱ ነው። እንደ ኬቻፕ ወይም የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ የሚጨመቅ ከሆነ አብሮ ስለማይታጠፍ ይቋጠራል፤ ለሚጨመቅ ዕቃ ለስላሳውን የፖሊኢትሊን ፊልም ጠይቁ። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ማንኛውም ፊልም በማንኛውም ዲጂታል ማሽን አያልፍም። በዱቄት ቀለም የሚሠሩት ማሽኖች ቀለሙን በሙቀት ስለሚያቀልጡ ለሙቀት ያልተሠራ ፊልም ውስጣቸው ይኮማተራል። ፊልሙን ራሳችሁ ገዝታችሁ ከማምጣታችሁ በፊት ማተሚያ ቤቱን ጠይቁ።

ቪኒል ለምግብ ዕቃ ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ ቦታው ውጭ ነው፦ የባጃጅ ጀርባ፣ የሚኒባስ በር፣ የሱቅ መስታወት። ሦስት ደረጃ አለው። ሞኖመሪክ የሚባለው ርካሹ ጠፍጣፋ ነገር ላይ 2 ወይም 3 ዓመት ይቆያል፤ እየዋለ ሲያድር ስለሚኮማተር ዳሩ ላይ አቧራ የያዘ የሙጫ መስመር ይቀራል። ፖሊመሪክ ከዚያ ይረዝማል። ካስት የሚባለው ቀጭኑና ውዱ የመኪና ጉብጥብጥ ላይ የሚያርፈው እሱ ነው። ቪኒል በሶልቨንት (በሚተን ፈሳሽ የሟሟ) ቀለም ከታተመ ላሚኔሽን ከመደረጉ በፊት ቢያንስ 24 ሰዓት ተነፍሶ መድረቅ አለበት። «ዛሬውኑ አድርሱልኝ» ተብሎ ሳይደርቅ ላሚኔሽን የተደረገበት ስቲከር ውስጡ የቀረው ሶልቨንት ሙጫውን ያለሰልሰዋል፤ ጠርዙ የሚነሣውም በዚህ ነው።

ግልጽ ፊልም ብርጭቆ ላይ ሲታይ ልብ ይማርካል፤ ግን የማተሚያ ቀለም ራሱ ብርሃን አሳላፊ ነው። ቀይ ማር ያለበት ዕቃ ላይ የተለጠፈ ቢጫ ጽሑፍ ይጠፋል። ከቀለሙ ሥር ነጭ ቀለም መታተም አለበት፤ ይህ ደግሞ ነጭ ማተም የሚችል ማሽንና ፋይሉ ውስጥ ለብቻው የተሠራ የነጭ ንጣፍ ይጠይቃል። ነጩን ከላዩ ቀለም በ0.1 ወይም 0.2 ሚሊ ሜትር አጥብቡት፤ እኩል ከሆነ ትንሽ ሲንሸራተት በዳር ነጭ ክር ያወጣል።

ሙጫውን በተመለከተ፣ ቋሚና የሚላጥ የሚሉት ሁለቱ ዓይነቶች ይታወቃሉ፤ ለበረዶ ቤት የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሙጫ ሙሉ ኃይሉን የሚይዘው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ ሙከራውን በዚያ ልክ ጠብቁ። አምስት ናሙና ለጥፉ፤ አንዱን ፍሪጅ፣ አንዱን ፀሐይ፣ አንዱን ውኃ ውስጥ፣ ሁለቱን መደርደሪያ ላይ አድርጉና በሦስተኛው ቀን እዩ። ሲለጠፍ ዕቃው ደረቅ፣ ከማርና ከዘይት የጸዳ ይሁን። ማር ሞቅ ባለበት ተቀድቶ ወዲያው ከተለጠፈ ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ሌብሉም አረፋ ያወጣል።

ስለ ቀን ማኅተም አንድ ነገር እዚህ ላይ መነገር አለበት፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሌብሉ ታትሞ ከመጣ በኋላ ነውና። የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን በማኅተም የሚመታ ከሆነ ላሚኔሽን የተደረገበት ቦታ ላይ ተራ የማኅተም ቀለም አይደርቅም፤ አውራ ጣት ሲነካው ይሄዳል። ቫርኒሽ ቢሆን ለቀኑ የሚሆን መስኮት መተው ይቻላል፤ ላሚኔሽን ግን ሉሁን ሙሉ ስለሚሸፍን መስኮት የለውም። ወይ ቀኑን ክዳኑ ወይም መቀመጫው ላይ ምቱ፣ ወይ በቫርኒሽ ተወሰኑ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ «ዓ.ም.»፣ በፈረንጅ ከሆነ «እ.ኤ.አ.» የሚለው ቀድሞ ይታተም፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ያለበት ቀን ምልክት ሳይኖረው መተው ገዢውን ያሳስታል።

ዲጂታል ወይስ ኦፍሴት?

ዲጂታል ፕሌት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቀለም የሚዘጋጅ የማተሚያ ሰሌዳ፣ የለውም፤ አንዱም ሺሁም በተመሳሳይ የነጠላ ዋጋ ይታተማል፣ ጽሑፉንም በየዙሩ መቀየር ይቻላል። ኦፍሴት አራት ፕሌት፣ የማሽን ዝግጅትና የዳይ (በሌብሉ ቅርጽ የተሠራ መቁረጫ) ወጪ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን የነጠላው ዋጋ በጣም ይወርዳል። የትኛው እንደሚያዋጣ በግምት አትወስኑ፣ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የኦፍሴቱን ቋሚ ወጪ ለሁለቱ የነጠላ ዋጋ ልዩነት አካፍሉ። ለማስረዳት ያህል ቋሚው ወጪ 12,000 ብር፣ ዲጂታሉ ነጠላውን በ5.50፣ ኦፍሴቱ በ1.50 ቢሠሩ፣ 12,000 ሲካፈል ለ4፣ 3,000 ነው። ከ3,000 በታች ዲጂታል፣ ከዚያ በላይ ኦፍሴት። የራሳችሁን ማተሚያ ቤት ቁጥር አስገቡበት። ግን ስሌቱ ያላካተተው ነገር አለ። አዲስ ምርት ከሆነ የመጀመሪያው ሌብል ላይ የሚስተካከል ነገር አይጠፋም፤ ኦፍሴት ረክሶ 10,000 ሌብል ካሳተማችሁ በኋላ አድራሻ ወይም ክብደት ቢቀየር ሳጥን ሙሉ ወረቀት ይጣላል። የመጀመሪያውን ዙር በዲጂታል አሳትሙ።

የመለጠፊያ ማሽን ያላቸው ፋብሪካዎች ሌብል በጥቅል ይፈልጋሉ። ለእነሱ ጽሑፉ በየትኛው አቅጣጫ እየወጣ መጠቅለል እንዳለበት፣ የመሐል ካርቶኑ ዲያሜትር (ብዙ ጊዜ 76 ሚሊ ሜትር) እና በሌብሎች መካከል ያለው ክፍተት በጽሑፍ ይሰጥ። አቅጣጫው ከተገለበጠ ጥቅሉ በሙሉ ሌላ ማሽን ላይ እንደገና መዞር አለበት።

አሁን ወደ ማሩ ሌብል እንመለስና ብዙ ገንዘብ የሚያድነውን ነገር እንይ። የዲጂታል ማሽን የተለመደው ሉህ 320 በ450 ሚሊ ሜትር ነው፤ በየዳሩ 10 ሲቀነስ 300 በ430 የሚታተምበት ቦታ ይቀራል። 225 በ60 የሆነው ሌብል በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ (ከመቁረጫው መስመር አልፎ የሚዘረጋ መደብ) ሲጨመርበት 231 በ66 ነው። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ሲደረደር ይህ በአንድ ሉህ 6 ብቻ ይገባል። ርዝመቱ ወደ 209 ቢቀነስ ከነብሊዱ 215 ስለሚሆን ሁለቱ ጎን ለጎን 430ን ልክ ይሞላሉ፤ ሉሁ 8 ይይዛል። ቁመቱም ወደ 54 ቢወርድ ከነብሊዱ 60 ነው፤ አምስት ረድፍ ይገባና 10 ይሆናል። 3,000 ሌብል በመጀመሪያው 500 ሉህ፣ በመጨረሻው 300 ሉህ ይፈጃል። ገዢው ዓይን ላይ የሚታየው ለውጥ ከኋላ ክፍተቱ 10 የነበረው 26 ሚሊ ሜትር መሆኑና ቁመቱ ትንሽ ማጠሩ ነው። ይህን ከማተሚያ ቤቱ ጋር መነጋገር የሚቻለው ዲዛይኑ ከመጀመሩ በፊት ነው።

በምን ይሠራ?

ፎቶሾፕ ፎቶ ለማስተካከል ነው። ሌብሉን በሙሉ እዚያ መሥራት ጽሑፉን ወደ ነጥብ ይለውጠዋል፤ ሲታተም የትንንሾቹ ፊደላት ጠርዝ ይሻክራል። ኢሉስትሬተርና ኮርል ድሮው ጽሑፉንና አርማውን በመስመር ስለሚያስቀምጡ ለሌብል የሚመረጡት እነሱ ናቸው፤ ፎቶውን በፎቶሾፕ አዘጋጅቶ ወደ እነሱ ማስገባት ነው። ካንቫ ለቀላል ካሬ ስቲከር ይሆናል፣ ብሊድና የመቁረጫ ምልክት ያለው ፒዲኤፍም ያወጣል፤ ነገር ግን የማተሚያ ቀለም የሚያወጣው የሚከፈልበት ብቻ ነው፣ ለዳይ ወይም ለነጭ ቀለም የሚሆን ለብቻው የተሰየመ ቀለም መሥራትም አይቻልበትም። ቅርጹ ልዩ የሆነ ስቲከር በካንቫ ከተሠራ ማተሚያ ቤቱ መቁረጫውን ራሱ መሣል አለበት፤ ያስከፍላችኋል።

የፎቶ ጥራት የሚለካው በሚታተምበት መጠን ነው፤ በዚያ መጠን 300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ያስፈልጋል። 231 በ66 ሚሊ ሜትር ለሚሸፍን ፎቶ 2,728 በ780 ፒክስል ማለት ነው። ከማኅበራዊ ሚዲያ የወረደ ስፋቱ 1,080 ፒክስል የሆነ የማር እንጀራ ፎቶ 225 ሚሊ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ወደ 122 ዲፒአይ ይወርዳል። ፎቶሾፕ ውስጥ ቁጥሩን 300 ብሎ መጻፍ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የጠፋውን ዝርዝር አይመልስም። ዋናውን ፎቶ ካነሣው ሰው ጠይቁ።

ቀለም

ስክሪን በብርሃን ይሠራል፣ ማተሚያ በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም። ስክሪኑ ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ብርቱካናማ በእነዚህ አራቱ አይገኝም፤ በአርጂቢ፣ ማለትም በስክሪን የብርሃን ቀለም፣ የተሠራ ፋይል ማተሚያ ቤት ሲደርስ በራሱ ይቀየርና ይደበዝዛል። ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በአራቱ የማተሚያ ቀለም፣ ሥሩ፤ መደብዘዙ ካለ እናንተ ዓይን ፊት ይሁን።

ማር አምራቾች ወርቃማ ቀለም ይወዳሉ፤ ይገባልም። በአራቱ ቀለም የተሠራ «ወርቅ» ግን ወረቀት ላይ ሰናፍጭ ወይም ቡናማ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያበራ የነበረው በግራዴሽን የተሠራ ቅዠት ነው። እውነተኛ ወርቃማ ብልጭታ ከተፈለገ በሙቀት የሚመታ ፎይል ወይም ብረት መሰል ልዩ ቀለም አለ፤ ሁለቱም ተጨማሪ ወጪ ናቸው። በጀቱ ካልፈቀደ ንጹሕ ሞቅ ያለ ቢጫ ከደበዘዘ ወርቅ ይሻላል ብለን እናምናለን።

ጥቁር አንድ ብቻ አይደለም። ለጽሑፍ ጥቁር 100 ብቻ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ዜሮ። ለሰፊ ጥቁር መደብ ግን ይህ ግራጫ መስሎ ስለሚወጣ ሲያን 60፣ ማጀንታ 40፣ ቢጫ 40፣ ጥቁር 100 ዓይነት ድብልቅ ይደረጋል፤ ድምሩ 240 ነው። ፎቶሾፕ ከአርጂቢ ሲቀይር በተለመደው ቅንብሩ የሚሰጠው ጥቁር 75፣ 68፣ 67፣ 90 ነው፤ ድምሩ 300። የይዘት ዝርዝሩ በዚህ ጥቁር ከተጻፈ እያንዳንዱ ፊደል አራት ጊዜ ይታተማል ማለት ነው፤ አንዱ ፕሌት በ0.1 ሚሊ ሜትር ሲንሸራተት ቀይና ሰማያዊ ጥላ ያወጣል።

የአማርኛ ጽሑፍ

የውጭ መመሪያዎች ይህን ክፍል አያውቁትም። በላቲን ፊደል 5 ነጥብ ጽሑፍ ሊነበብ ይችላል። ፊደላችን ግን ልዩነቱን የሚይዘው በትንንሽ ቅጥያ ነው። ቢ እና ቤን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ቢ በቀኝ እግሩ ላይ ጭረት አለው፤ ቤ በዚያው ቦታ ቀለበት። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል፤ የቀለበቱ መሐል ከተሞላ ቤ ሆኖ የተጻፈው ቢ ይመስላል። ሌ ሊ ይሆናል፣ ሜ ሚ ይሆናል። በጨለማ መደብ ላይ በነጭ የወጣ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ቀለሙ ከዙሪያው ወደ ፊደሉ ስለሚገባ እግሮቹ ይሳሳሉ፣ ጭረቶቹም ይጠፋሉ። ስለዚህ ለይዘት ዝርዝር ከ6.5 ወይም ከ7 ነጥብ አትውረዱ፤ በነጭ የሚወጣ ከሆነ ከ8 በታች አይሁን፣ ከሥሩ ያለውም መደብ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀለም ቢሠራ ይመረጣል።

ፎንት ስትመርጡ ስንት ውፍረት እንዳለው እዩ። ኒያላና አቢሲኒካ ያላቸው አንድ ውፍረት ነው፤ «ቦልድ» ስትሉት ሶፍትዌሩ ዙሪያውን በቀለም ያወፍረዋል፣ ቀለበቶቹም ይደፈናሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ወፍራም በትክክል የተሠሩ ደረጃዎች ስላሉት ርዕሱንም ዝርዝሩንም ይሸከማል።

ከዚያ የቆዩ ፎንቶች ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩትና እስካሁን በብዙ ቢሮ ያሉት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ዓይነቶቹ ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የይዘት ዝርዝሩ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ጽሑፉን በዩኒኮድ ጻፉት፤ ፋይሉን ስትልኩ ደግሞ ጽሑፉን በሙሉ ወደ ቅርጽ ቀይሩት፤ ኮርል ድሮው ከርቭ፣ ኢሉስትሬተር አውትላይን ይለዋል። ከተቀየረ በኋላ መታረም ስለማይችል የሚታረመውን ቅጂ አስቀድማችሁ በሌላ ስም አስቀምጡ።

ማርና በርበሬ ወደ አሜሪካ የሚልክ ሰው የቦታውን ጉዳይ አስቀድሞ ያስላ። በአሜሪካ የምግብ ሌብል ሕግ መሠረት ሌብሉ ላይ በሌላ ቋንቋ መግለጫ ካለ፣ ግዴታ የሆኑት ጽሑፎች በእንግሊዝኛም በዚያ ቋንቋም መውጣት አለባቸው፤ የተጣራ ክብደቱም በዋናው ገጽ የታችኛው 30 በመቶ ውስጥ በሁለቱም መለኪያ ይጻፋል፣ ለምሳሌ 17.6 አውንስ እና 500 ግራም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የላቲኑ ትንሽ ፊደል ቁመት ቢያንስ 1.2 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ትልቁ ገጹ ከ80 ካሬ ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ዕቃ ላይ 0.9 ይፈቀዳል። ሁለት ቋንቋ በዚህ መጠን ሲጻፍ ቀደም ብለን ያሳጠርነው ሌብል ላይበቃ ይችላል።

ጠርዝ፣ መቁረጫና ባርኮድ

መደቡ ጠርዝ ድረስ የሚደርስ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር አሳልፋችሁ ዘርጉት፤ ብሊድ ማለት ይህ ነው። ጽሑፍና አርማ ደግሞ ከመቁረጫው መስመር ወደ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ይራቁ። ከዳር 2 ሚሊ ሜትር ላይ ቀጭን ፍሬም ማስመር ብዙ ዲዛይነር ይወዳል፤ እኛ አንመክረውም። መቁረጫው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢንሸራተት በአንዱ ጎን 1፣ በሌላው 3 ይቀርና ሌብሉ ጠማማ ይመስላል። ፍሬም የሌለው ሌብል ላይ ግን ያችኑ 1 ሚሊ ሜትር ማንም አያያትም።

ስቲከሩ ብቻ ተቆርጦ የጀርባ ወረቀቱ ሳይነካ የሚቀረው ኪስ ከት ነው፤ ለመላጥ ይቀላል፣ በእጅ ለሚለጥፉ እሱ ይሻላል። ወረቀቱም አብሮ በቅርጹ የሚቆረጠው ዳይ ከት ለሚታደል ስቲከር ያምራል። በሁለቱም የመቁረጫው መስመር ለብቻው በተሰየመ ቀለም፣ 0.25 ነጥብ ውፍረት፣ ኦቨርፕሪንት ተደርጎ (ከሥሩ ያለውን ቀለም ሳይቆርጥ በላዩ እንዲያርፍ) ይሠራል። የነጭ ጽሑፍ ኦቨርፕሪንት ግን መጥፋት አለበት፤ ኦቨርፕሪንቱ ሳይጠፋ ከተረሳ ጽሑፉ ስክሪን ላይ እየታየ ሲታተም ጨርሶ ይጠፋል።

ባለ 13 አኃዙ የሱቅ ባርኮድ ከነነጭ ዳሩ 37.29 በ25.93 ሚሊ ሜትር ነው መደበኛ መጠኑ፤ እስከ 80 በመቶ፣ ማለትም 29.83 በ20.74 ድረስ ማሳነስ ይቻላል። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው በግራ 3.63፣ በቀኝ 2.31 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ነጭ ዳር ነው፤ ያ ከሌለ ስካነሩ የት እንደሚጀምር አያውቅም። አንባቢው በቀይ ብርሃን ስለሚያይ ቀይ ወይም ብርቱካናማ መስመር ለሱ ነጭ ነው። ጥቁር በነጭ አድርጉት። ቀጫጭን ጠርሙስ ላይ መስመሮቹ እንደ መሰላል ደረጃ አግድም እንዲተኙ አዙሩት፤ የእኛ 75 ሚሊ ሜትሩ ዕቃ ላይ ግን ቆሞም ይነበባል።

መላክና ማጽደቅ

ለማተሚያ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ላኩ፤ ፒዲኤፍ ኤክስ 4 ጥላውንና ግልጽነቱን እንዳለ ይዞ ይሄዳል፣ ኤክስ 1ኤ ጠፍጥፎ ይልካል፤ አሮጌ ሶፍትዌር ያለው ማተሚያ ቤት ሁለተኛውን ይመርጣል። ጄፔግ ለማሳየት ነው እንጂ ለማሳተም አይደለም። በቴሌግራም ስትልኩ «ፎቶ» ብላችሁ ሳይሆን «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆና ተቀንሶ ነው የሚደርሰው።

በስክሪን የሚላክ ማጽደቂያና በእጅ የሚያዝ ናሙና አንድ አይደሉም። የስክሪኑ የፊደል ስሕተት ያሳያል፤ ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠንና ሙጫውን የሚያሳየው በራሱ ፊልም ላይ የታተመ ናሙና ብቻ ነው። ናሙናውን ማር የሞላው ዕቃ ላይ ለጥፉ፤ ባዶ ዕቃ ላይ የሚያምር ቀለም ከማሩ ጋር ሲጋጭ የሚታየው ያኔ ነው። ባርኮዱን ሱቅ ወስዳችሁ አስነብቡ። ጽሑፉን ደግሞ ከዚህ በፊት ያላየው ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው፤ የጻፈው ሰው ዓይን የሚያየው ሊጽፍ ያሰበውን ነው፣ ስልክ ቁጥር ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል።

ከጸደቀ በኋላ ሦስት ነገር ይቀመጥ፦ የሚታረመው ፋይል፣ የታተመበት ፒዲኤፍ፣ እና የታተመበት ቀንና የፊልሙ ስም የተጻፈበት አንድ ሙሉ ሉህ፣ ከፀሐይ ርቆ ፖስታ ውስጥ። በሚቀጥለው ዙር ሌላ ማሽን ቢሠራውም ቀለሙ የሚመሳከረው በዚያ ሉህ ነው።